የአንድ ስንዝር መንገድ

ጠዋት ጠዋት፣ የአየር መንገዱ ቢሮ መጋረጃ ከመገለጡ በፊት፣ ትኬት ቆራጩ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ የዓለም ካርታ ይሄዳሉ። ቀኝ እጃቸውን ይዘረጉና አውራ ጣታቸውን እሳቸው ባሉበት ከተማ ላይ፣ ትንሿን ጣታቸውን ደግሞ ታላቅ እህታቸው በምትኖርበት ከተማ ላይ ያሳርፋሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያሉ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው መነጽራቸውን ይጠርጉና ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርገዋል። ሁለቱ ከተሞች ከጣት ብዛት ወዝተው ስማቸው እንኳ አይነበብም።

በዚህ የተነሣ ጋሼ ስንዝር የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን ያወጣችው ከጎናቸው ባለው መስኮት የምትሠራው ባልደረባቸው ናት፤ ሳቂታ፣ ደልደል ያለች፣ ነገር አፏ ውስጥ የማያድር ሴት። እሷን ደግሞ ሁሉም መስኮት ሁለት ይላታል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ተራራቃችሁ ወይስ ተቀራረባችሁ?» ትላቸዋለች በየማለዳው።

«ያው ናት። አንድ ስንዝር።»

«እኔና ባሌ ምነው በስንዝር በሆነልን። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ምን ያህል እንደምንራራቅ ቢያውቁ።»

«በዚያ መሥመር እኛ በረራ የለንም» ይሏታል፣ ፊታቸውን ሳያፈቱ።

ጋሼ ስንዝር በዚህ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቆዩ አንድም ቀን አውሮፕላን ላይ ተሳፍረው አያውቁም ነበር። ይሁን እንጂ ከየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ የትኛው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ አየር ላይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ መንገደኛው መሐል ላይ የት ወርዶ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ከራሳቸው ነው የሚያወጡት። የመስኮት ሁለት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ አንገቷን ብቻ ዘወር ታደርጋለች፤ እሳቸው ይነግሯታል፤ ማሽኑ ዘግይቶ ያንኑ ይደግመዋል።

መንገደኛ መጥቶ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲላቸው፣ «የትኛውን ልንገርዎት?» ብለው ይጠይቃሉ። «አየር ላይ ያለው አለ፤ ከደጅ እስከ ደጅ ያለው አለ። የሚያደክመው ሁለተኛው ነው።» ለሁሉም እንደየሰውነቱ ይለኩለታል። ለነጋዴው በደቂቃ ነው። ልጃቸውን ሊያዩ ለሚሄዱ እናት ግን «ሁለት ምግብና አንድ እንቅልፍ ነው፣ እናቴ» ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት «እንቅልፉ እምቢ ቢለኝስ?» ብለው ቢጨነቁ፣ «አጠገብዎ ለተቀመጠው ሰው ስለ ልጅዎ ያውሩለት። ቢያንስ እሱ ይተኛል» አሏቸው። አሮጊቷ እየሳቁ ወጡ።

እህታቸውን እታለም ይሏታል። ሰው አንቱ ሲላት «አስረጀኸኝ» ብላ ስለምትቆጣ በዚህ ታሪክም አንቱ አትባልም። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ አራት፣ እሳቸው ሰባት ዓመታቸው ነበር። እታለም ትምህርቷን ትታ የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሳቸውም እዚያው ይሄዱና በመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው ያጠናሉ። የሆቴል አንሶላ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ለማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሷ አንዱን ጫፍ፣ ትንሹ ወንድሟ ሌላውን ይይዛሉ። እሷ ከመጽሐፉ ያየችውን የአገር ስም ትጠራለች፤ እሱ ዋና ከተማውን ይመልሳል። ከመለሰ አንድ እርምጃ ወደ እሷ። ከሳተ እዚያው ባለበት። መጨረሻ ላይ አንሶላው ትራስ አክሎ ሲታጠፍ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኙና ይሳሳቃሉ። ጋሼ ስንዝር ዓለምን ያወቋት እንዲህ ነው፤ በእርጥብ ጥጥ ሽታ መሐል፣ በእርምጃ።

ትኬት ቆራጭ በሆኑ በዓመቱ እታለም ሩቅ አገር፣ ያው በልብስ ማጠቢያ ሥራ፣ እንጀራዋን ፍለጋ ሄደች። ትኬቷን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እዚያው አገባች፤ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። በየሦስት በየአራት ዓመቱ እየመጣች ትጠይቃቸዋለች። እሳቸው ግን «ለከርሞ» እንዳሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

በልባቸው የቆየ አንድ ነገር ነበር። እታለምን አመስግነዋት አያውቁም። በወጣትነታቸው «በእህትና በወንድም መሐል ምን ምስጋና አለ» ይሉ ነበር። ዕድሜ ሲገፋና ነገሩ ሲገባቸው ደግሞ ቃሉ ከበዳቸው። ስልክ ደውለው «እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...» ብለው ሲጀምሩ፣ እሷ «ማሙሽ፣ በልተሃል?» ትላለች። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው ማሙሽ የምትል በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። «በልቻለሁ» ይላሉ፤ ወሬው ወደ ምግብ ይዞርና የመጡበት ነገር ውሃ ይበላዋል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ ደወለች።

«አጎቴ፣ እማዬ ሰኞ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነው። ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት። ሌላ በሽተኛ ቀርቶ ነው ቦታው የተገኘው።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ተስፋ አለ ብሏል። ግን ልቧ ደክሟል። ላትነቃም ትችላለች፣ ይህን አውቃችሁ ወስኑ ብሎናል።»

«እሷስ?»

«እሷማ ስለ አንተ ነው የምትጠይቀው። ያው፣ በልቷል ወይ ነው።»

ስልኩን ሲዘጉ የሚያደርጉት ታወቃቸው። እታለም ወደዚያ ክፍል ከመግባቷ በፊት ፊት ለፊቷ ቆመው ያን ቃል ይነግሯታል። ካልደረሱና እንደተፈራው ከሆነ፣ ቃሉ ሳይነገር ይቀራል።

ቀጥታ በረራ የለም። በአንድ መሸጋገሪያ ከተማ በኩል የሚሄደውም ከሰኞ ጠዋት በፊት የለም። የእሳቸውን ትኬት የቆረጠችው መስኮት ሁለት ናት። ወረቀቱን ስትሰጣቸው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ያንብቡት እንጂ፣ ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት ያነበብኩትን?»

«ትኬታችሁን ሳታነቡ አትሂዱ እያሉ የሕዝቡን ጆሮ የሚያደነቁሩት እርስዎ አይደሉም?»

«እሱ ለመንገደኛ ነው።»

«እርስዎ ታዲያ ምንድን ነዎት? አብራሪው?»

ሳቁባትና ሄዱ።

በመሸጋገሪያው አገር በዓመት አንድ ጊዜ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ዘንድሮ ቀኑ የዋለው እሑድ፣ ከጉዟቸው አንድ ቀን በፊት ነበር። ይህን ከጋሼ ስንዝር በላይ የሚያውቅ የለም። እንደየዓመቱ ሁሉ ሳምንቱን ቀድመው በቀይ ቀለም «ሰዓት ይቀየራል፤ ትኬትዎን ይመልከቱ» ብለው ጽፈው መስታወቱ ላይ ለጥፈዋል። ጽሑፉ የሚታየው ግን ከውጭ ለሚመጣው ነው። ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነጭ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ከዓርብ ወዲህ ደግሞ ልባቸው እታለም ዘንድ ነበር።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አውሮፕላናቸው ተነሣ። በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነውና ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው ቁልቁል አዩ። በካርታ አንድ ስንዝር ብለው የናቁት መሬት አላልቅ አለ፤ ተራራ፣ ሜዳ፣ ደረቅ ወንዝ፣ እንደገና ተራራ። እታለም ይህን ሁሉ ተሻግራ ትመላለስ እንደነበር አሰቡ። መሸጋገሪያው ድረስ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ ልክ በደቂቃው አረፉ። የእጅ ሰዓታቸውን እንደ ልማዳቸው፣ በቃላቸው እንደሚያውቁት፣ ሁለት ሰዓት ወደኋላ መለሱ። ሁለት ሰዓት ከሃያ። ቀጣዩ የሚነሣው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አላቸው።

አውሮፕላኖቹን የሚያሳይ ጸጥ ያለ ጥግ ፈልገው ተቀመጡ። የሚሉትን ቃል በልባቸው መደርደር ጀመሩ። «እታለም» ብለው ይጀምሩታል፣ አይጥማቸውም፤ ያፈርሱትና እንደገና ይጀምሩታል። ቀና ሲሉ የግድግዳው ሰዓት ከእሳቸው አንድ ሰዓት ቀድሟል። «አይ» አሉ በሆዳቸው፣ «ይህን የሚያህል አውሮፕላን ማረፊያ ሰዓት የሚያስተካክል ሰው ይጣ?» አዘኑላቸውም። ከሩቅ ሌላ ሰዓት አዩ፤ እሱም ቀድሟል። ሁለቱም ተበላሽተዋል አሉ። ዋናተኛን የሚወስደው ውሃ ነው ይባላል። ያልተማረ መንገደኛ ቢሆን ያገኘውን ሰው ሁሉ እየጠየቀ በሩን በጊዜ ይደርስ ነበር። ጋሼ ስንዝር ግን አዋቂ ነበሩ።

በሰዓታቸው አራት ተኩል ሲሆን፣ ለመንገደኛ ሁሉ እንደሚመክሩት፣ ቀደም ብለው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ተዘግቷል። በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ጎታች መኪና አውሮፕላኑን ወደኋላ ስትገፋው ታያቸው።

በሩ ላይ የነበረው ሠራተኛ ትኬታቸውንና የእጅ ሰዓታቸውን እያፈራረቀ አየ። «አባት፣ ሰዓት እኮ ትናንት ተቀይሯል።»

ያ ቀይ ጽሑፍ ያን ጊዜ ነው ዓይናቸው ላይ ድቅን ያለው። ሠራተኛው ደግፎ ወደ አየር መንገዱ ትኬት መስኮት አደረሳቸው።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ፈረቃዋ አልቆ ካፖርቷን ለብሳለች፤ ቦርሳዋም ትከሻዋ ላይ ነው። በአየር መንገዶች የሥራ ቋንቋ ተግባቡ። የሚቀጥለው በረራ ማታ ሁለት ሰዓት እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ማታ አይሆንም፣ ልጄ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚወስዷት።»

«ማንን?»

«እህቴን። ልቧን ሊቀዷት ነው። ያሳደገችኝ ናት።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፤ ካፖርቷን አወለቀች፤ ተቀመጠች። ጣቶቿ ሲሮጡ ጋሼ ስንዝር በመስታወቱ ወዲህ ቆመው አዩዋት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ በኩል ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሰዎቹ ለምን ባንኮኒውን ጨብጠው እንደሚይዙ አሁን ገባቸው።

«ሌላ አለ» አለች። «ወደ ዋናው ሳይሆን ከከተማው ውጭ ወዳለው ትንሹ ማረፊያ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሣል። በኪሎ ሜትር...»

«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ» አሉ ጋሼ ስንዝር። «ከዋናው በመቶ ሃምሳ ይበልጣል። ከዚያ ከተማው ዘጠና ኪሎ ሜትር፣ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከምናምን።»

ሴትዮዋ ከማሽኑ ላይ ዓይኗን አነሣች። «እርስዎ መቀመጥ የነበረብዎት በዚህ በኩል ነው።»

«ነበርኩ። ዛሬ ገና መውጣቴ ነው።»

ሳቀች። ወዲያው ተነሥታ «ይከተሉኝ» አለች። በሩ ከሌላው የሕንፃው ክንፍ ነበር። እሷ በተረከዝ ጫማዋ እየሮጠች፣ እሳቸው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ደረሱ። አልፈው ገብተው ዘወር ሲሉ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ቆማ ነበር፤ ካፖርቷን ክንዷ ላይ እንዳንጠለጠለች። ስሟን አልጠየቋትም። ዛሬም ስለ እሷ ሲያወሩ «ያቺ የተባረከች» እንጂ ሌላ ስም የላትም።

ትንሹ ማረፊያ ሲደርሱ ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። አውቶቡሱ ልክ በአሥር ተነሣ። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጠው የእጅ ሰዓታቸውን ስልሳ ጊዜ ሳያዩት አልቀሩም። ሾፌሩ በመስታወት አይቷቸው ኖሮ፣

«አባባ፣ ሰዓቱን ቢያዩትም ባያዩትም እኩል ነው የሚሄደው» አላቸው።

«ሆስፒታሉ በር ላይ ፌርማታ አለህ?»

«የለኝም። ፌርማታዬ ከእሱ አልፎ ነው።»

«እህቴ እዚያ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀዶ ሕክምና ትገባለች።»

«ታላቅ ናት ታናሽ?»

«ታላቅ።»

«ታላቅ ከሆነችማ ትቆጣለች» አለ ሾፌሩ። «እኔም አንድ አለችኝ።» ከዚያ በኋላ ፍሬን የሚይዝበት ነገር ቀነሰ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ሳይጠየቅ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው «እዚህ ይቆማል እንዴ?» ሲል፣ «ለታላቅ እህት ይቆማል» ብሎ በሩን ከፈተላቸው።

ደረጃውን ወጡ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ረጅም ኮሪደር፣ መጨረሻው ላይ የተዘጋ ድርብ በር። በሩ ፊት የእህታቸው ልጅና አንዲት ነርስ ቆመዋል። ልጅቷ አይታቸው ከንፈሯን ነከሰች፤ ያን ጊዜ አወቁ። የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ከዘጠኝ ይላል። ይህኛው ሰዓት መበላሸቱን አልተጠራጠሩም።

«አሁን ገባች» አለች ልጅቷ። «እስከ በሩ ድረስ ዞር ዞር ስትል ነበር።»

ነርሷ ጠጋ አለች። «ወንድሟ ነዎት? መልእክት ትታልዎታለች። ማሙሽ ከመጣ መንገድ ላይ በልቶ እንደሆነ ጠይቁልኝ ብላለች።»

አራት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ከቃሉ ቀድሞ ነገራቸው። ሁሉም መልካም ነው፣ ልቧ እሺ ብሏል አለ። ጋሼ ስንዝር የሐኪሙን እጅ ይዘው መልቀቅ አቃታቸው። ልጅቷ ናት በጣቷ ፈልቅቃ ያስለቀቀቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት እታለም ዓይኗን ገለጠች። ቱቦ በቱቦ ሆናለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ማሙሽ።»

«እታለም።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

ያ ሁሉ የተደረደረ ቃል ከአፋቸው ጠፋ። «ከተነሣሁበት እስከ በሩ አሥራ አንድ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ» አሉ። «አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር።»

«ይህን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ጅል» አለች እታለም፣ በደከመ ድምፅ። ከዚያ እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ መዳፋቸው ውስጥ ከተተችውና መልሳ ተኛች።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። እታለም አሁን ደህና ናት፤ ደረጃ ትወጣለች፤ በስልክ ትቆጣለች። ቀዩ ማስታወቂያ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው በሁለቱም ገጽ ነው፤ ለውጭውም፣ ለውስጡም። «የውስጡ ለማን ነው?» ብላ መስኮት ሁለት ስትጠይቃቸው «ለአዋቂው» አሏት። በረራ ያመለጠው ሰው ሲመጣባቸው ደግሞ ካፖርት ለብሰው እንኳ ቢሆን ይቀመጣሉ። ያቺ የተባረከች ያደረገችላቸውን ለእሷ መመለስ አይችሉምና ለመጣው ሁሉ ይመልሳሉ።

ታሪካቸው ይጻፍ ሲባል አልተቃወሙም። መሳሳታቸውንም፣ መዘግየታቸውንም፣ ጅል መባላቸውንም ጻፉት አሉ። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለመኑ፤ በእነዚያ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ የሆነውን።

የእህታቸው ልጅ ውሃ ልትገዛ ወርዳ ነበር። ነርሷ እታለም ያወለቀችውን በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ማሰሪያ የሌለው ጥንድ ጥቁር ጫማ፣ ተረከዙ በአንድ በኩል ያለቀ። ኮሪደሩን ጽዳት ሠራተኛዋ እየወለወለች ስለነበር ወለሉ እርጥብ ነው። ጫማዎቹን አውጥተው ፊት ለፊታቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ የጫማዎቹን አፍንጫ ወደ ራሳቸው አዞሩት። ጎንበስ ብለው ያወሩ ጀመር። ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ደረሰችና፣ ሳታልፍ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«እታለም» አሉ ለጫማዎቹ፣ «ሥራ ቦታ በልቼ ነው የመጣሁት ትዪኝ ነበር። ሰሃኑን ወደ እኔ ትገፊው ነበር። እንዳልበላሽ አውቅ ነበር። ልጅ ብሆንም አውቅ ነበር። እያወቅሁ በላሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»